ጫማ አላት እኮ

አለርት ሆስፒታል ጋ ከታክሲ የወረደ ሰው አጠገቡ ቆሬን ያገኛል። ሰፈሩን ያቀኑት ለሥጋ ደዌ ሕክምና ከየክፍለ ሀገሩ መጥተው እዚያው የቀሩ ሰዎች ናቸው። ጎረቤቱ ቆሼ ነው፤ በ2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው የሞተበት።

ባለፈው ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያናችን አገልጋዮች ጋር ደብተርና ዘይት ይዘን ሄድን። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ለቀጣዩ እርዳታ ማሰባሰቢያ ፎቶ የማንሳቱ ኃላፊነት የእኔ ነበር። ደጃፍ ላይ ባዶ እግሯን የቆመች ልጅ አየሁና ካሜራዬን ደገንኩ። እናቷ ከቤት ወጡ።

«ወንድሜ፣ ጫማ አላት እኮ፤ ቆይ ታድርግና አንሳት።»

አፈርኩ። እኔ የፈለግኩት ባዶ እግሯን ነበር፤ የሰው ልብ የሚነካው፣ ገንዘብ የሚያመጣው እሱ ነዋ! ጌታ ግን ሕፃናትን ሲያቀርቡለት ችግራቸውን ለሕዝብ አላሳየም፤ አቀፋቸው፣ ባረካቸው።

ካሜራዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። እናትየው ቡና አፈሉ፤ ልጅቷ ጫማዋን አድርጋ ከአማርኛ መጽሐፏ አንድ ገጽ አነበበችልኝ።

እናንተም ልጆቻችሁን ይዛችሁ ለአገልግሎት ስትወጡ ስልካችሁን ከኪሳችሁ አታውጡ። ቡና ከቀረበላችሁ ግን ቁጭ በሉና ጠጡ።