አንድ ኳስ ለስልሳ ተማሪ

የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ክፍላችን ለሁለት ይከፈል ነበር፤ ኳስ ተጫዋችና ደብተር ጠባቂ። እኛ ከጠባቂዎቹ ነበርን። ኳሷ አንድ፣ ተማሪው ስልሳ። የፈተና ቀን ግን ሁላችንም ተሰልፈን "ተገልበጡ!" ተባልን። እንዴት እንደሚገለበጡ ማንም አላሳየንም ነበር። አንገታችንን ይዘን ተነሳን፤ ከአስር ሦስት ተሰጠን።

ይኸው "የማይችል" ሰውነታችን ሰፈር ሲደርስ ሌላ ነበር። ቅልልቦሽ ስንጫወት ጠጠሯን ወደ ላይ ወርውረን፣ መሬት ያለውን አፍሰን፣ የወረደችውን እንቀልባለን። ሰኞ ማክሰኞ ላይ በአንድ እግር እየዘለልን መስመር አንረግጥም። አስተማሪ አልነበረንም፤ ተራ ግን ይደርሰን ነበር። ስንሳሳት እንወጣለን፣ ሌላውን እናያለን፣ ተመልሰን እንሞክራለን።

ፊትስና ፖስነር የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1967 ነገሩን በሦስት ደረጃ አስቀምጠውታል፤ ጀማሪ እያሰበ ይንገዳገዳል፣ ሲደጋግም ስህተቱ ይቀንሳል፣ በመጨረሻ ሳያስብ ይሠራዋል። እኛ ሦስተኛውን ደረጃ በመጀመሪያው ቀን ተጠየቅን።

ዛሬም ኳስ ወደ እኛ ስትንከባለል ገለል እንላለን። ከዚያ ክፍለ ጊዜ አጥብቀን የተማርነው "አልችልም" ማለትን ነው። እናም የስፖርት መምህራን ሆይ፣ ከማርኩ በፊት ተራው ይቅደም። የካልሲ ኳስም ቢሆን ለሁሉም ይድረስ።