ቁጭ ብሎ ስብ ማቃጠል

"ቁጭ ባልኩበት ስብ የሚያቃጥልልኝ እንክብል የለም ወይ?" ትሉኛላችሁ። አለ። ስለ እሱ ከማውራቴ በፊት ግን፣ ይህንኑ ሥራ ያለ እንክብል ስለሚሠራ ሰው ልንገራችሁ፦ አራስ ሕፃን።

አራስ ሲበርደው እንደ እኛ አይንቀጠቀጥም። በትከሻው አጥንቶች መሀል፣ በአንገቱና በኩላሊቱ ዙሪያ ቡናማ ስብ አለው። ቦርጭ ላይ የሚከማቸው ነጭ ስብ ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ስንቅ ነው፤ ቡናማው ግን እዚያው ነዶ ሕፃኑን ያሞቃል።

ነገሩ ያለው የሕዋስ ጉልበት ማመንጫ በሆነው ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ነው። ሚቶኮንድሪያ ከምግብ ባገኘው ጉልበት ፕሮቶኖችን ከውስጠኛው ሽፋኑ ወዲያ ይገፋል። እዚያ ሲጠራቀሙ ግድብ እንደያዘው ውሃ ይሆናሉ፤ መመለሻቸው በተርባይን በኩል ነው፣ ተርባይኑ ሲዞር ኤቲፒ የሚባለው የሕዋስ ጉልበት ይሠራል። እንግሊዛዊው ፒተር ሚቸል ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1961 ሲያቀርብ ብዙ ባልደረቦቹ አልተቀበሉትም፤ በ1978 ኖቤል ተሸለመበት። በቡናማ ስብ ውስጥ ታዲያ ዩሲፒ1 የሚባል ፕሮቲን ተርባይን የሌለው ማለፊያ ይከፍታል። ፕሮቶኖቹ ኤቲፒ ሳይሠሩ ይመለሳሉ፣ ጉልበቱም ሙቀት ሆኖ ይወጣል።

እኔን የሚደንቀኝ መቆጣጠሪያው ነው። ብርድ ሲመጣ አንጎል በነርቭ በኩል ኖራድሬናሊን የሚባል ኬሚካል ያስለቅቃል፤ ስቡ ይፈታል፤ የተፈታው የስብ አሲድ ራሱ ማለፊያውን ይከፍታል። ሕፃኑ ሲሞቅ ትእዛዙ ይቆማል፣ ማለፊያውም ይዘጋል። (በ2009 በወጡ ጥናቶች አዋቂዎችም አንገታቸው አካባቢ ይህ ስብ እንዳላቸው ተረጋግጧል። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ግን ቀዝቃዛ ሻወር ቦርጭ ያጠፋል የሚሏችሁን ብዙም አትስሟቸው።)

አሁን ወደ እንክብሉ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፈረንሳይ ፈንጂ ፋብሪካዎች ዳይናይትሮፌኖል ከሚባል ቢጫ ዱቄት ጋር የሚውሉ ሠራተኞች ይከሱ፣ በላብ ይጠመቁ፣ አንዳንዶቹም ትኩሳታቸው ንሮ ይሞቱ ነበር። ዱቄቱ ፕሮቶኖቹን ራሱ ተሸክሞ ያሻግራል፤ ያውም በቡናማ ስብ ብቻ ሳይወሰን በልብም በጉበትም በአንጎልም። ትእዛዝ አይጠብቅም፣ በቃህ የሚለውም የለም። የሠራተኞቹ ሞት እየታወቀ በ1933 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ዱቄቱን በእንክብል ለውፍረት ሰጡት። እውነትም ያከሳል! አሜሪካ ውስጥ ቢያንስ 100,000 ሰው እንደወሰደው ተገምቷል። ከዚያ የዓይን ሞራና ሞት ተከተለ፤ የ1938ቱ የመድኃኒት ሕግ ሲወጣ ለሰው እንዳይሸጥ ተደረገ።

ዛሬም ኢንተርኔት ላይ "ስብ አቅላጭ" ተብሎ ይሸጣል። ማርከሻ የለውም። ፓራሲታሞልም አያድንም፤ ፓራሲታሞል የሚሠራው አንጎል ራሱ ሙቀት ጨምር ብሎ ሲያዝ ነው፣ እዚህ ግን ያዘዘ የለም። ሐኪሙ በሽተኛውን በበረዶና በቀዝቃዛ ፈሳሽ እያበረደ ዱቄቱ ከሰውነቱ እስኪወጣ ይጠብቃል፤ ሁሉም በሽተኛ ግን አይተርፍም። ብሪታንያ በ2023 ከመርዞች ዝርዝር ውስጥ አስገብታዋለች፤ እዚያ አሁን ያለ ፈቃድ መያዝም ወንጀል ነው።