«ሆድ ይፍጀው» በጃፓንኛ

የጃፓን የፍቅር ድራማ አይቶ የማያውቅ ሰው ከኋላችን ቆሞ አምስት ደቂቃ ካየ በኋላ «አሁን ይሄ ምኑ ይታያል? ሁለት ሰዎች ዝም ብለው ዝናብ ያያሉ!» ይለናል። ልክ ነው፣ ዝናብ ያያሉ። እኛ ደግሞ እነሱን እናያለን። ጋዜጠኝነት ስንማር ዋናው ጉዳይ መጀመሪያው አንቀጽ ላይ ይቀመጥ ተብሎ ነው የተነገረን። እነዚህ ሰዎች ግን «እወድሃለሁ» የምትለዋን ቃል ዘጠነኛው ክፍል ላይ ያስቀምጧታል! ደግነቱ ድራማው አብዛኛውን ጊዜ ከአሥር ወይም ከአሥራ አንድ ክፍል አያልፍም። በሳምንት አንዴ እየታየ በሦስት ወር ያልቃል። መቶ ክፍል አልፎም ገና እናቷን የምትፈልግ ልጅ ያለችበትን የቱርክ ድራማ ለለመደ ዓይን ይሄ እረፍት ነው።

ስለዚህ ዘውግ ሲወራ ፉጂ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ1991 ሰኞ ሰኞ ማታ ያሳየው «ቶኪዮ ላቭ ስቶሪ» ሳይነሳ አይቀርም። ሪካ የምትባለው ልጅ የልቧን ፊት ለፊት ትናገራለች፣ ትስቃለች፣ ትወዳለች። ካንጂ ያመነታል። ሲያመነታ ሲያመነታ መጨረሻ ላይ የሚሄደው ሁለተኛ ደረጃ አብራው ወደተማረችው ዝምተኛዋ ሳቶሚ ነው። ሪካም ከተቀጣጠሩበት ቀድሞ በሚነሳው ባቡር ተሳፍራ፣ የስንብት ቃል የጻፈችበትን መሐረብ ጣቢያው አጥር ላይ አስራለት ትሄዳለች። ጣቢያው ማትሱያማ ውስጥ፣ ባሕሩ ጥግ ያለው ባይሺንጂ ነው። ከዚያ ወዲህ አድናቂዎች እዚያ ድረስ እየሄዱ መሐረብ ያስራሉ። እኛ ብንሄድም እናስር ነበር። የሚገርመው ግን ስናለቅስ ለሪካ ነው፣ ከሶፋው ስንነሳ የምንመስለው ሳቶሚን ነው።

ለምን እንደሚጥመን እናውቃለን። ይሉኝታ ያሳደገን ልጆች ነን፤ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ መቀመጥን ከእናቶቻችን ተምረናል። ጃፓኖች ደግሞ «ኮኩሃኩ» የሚሉት ነገር አላቸው፦ አንዱ ቆሞ «እወድሻለሁ፣ አብረን እንሁን» ብሎ በግልጽ ይናገራል፣ ጓደኝነቱም ከዚያች ቀን ይቆጠራል። ድራማው ያንን ደቂቃ ነው የሚያስጠብቀን። ስንጠብቅ ታዲያ ዝምታውን ሁሉ ፍቅር ብለን መተርጎም እንለምዳለን። ሙዚቃው ያግዘናል። በኑሮ ግን ሰውየው ዝም ሲል ከጀርባው ፒያኖ የሚመታለት የለም።

ከዝምታው የባሰው ብልግናው ነው። «ሃና ዮሪ ዳንጎ»ን (ብዙዎቻችን መጀመሪያ ያየነው እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣውን የኮሪያውን ነው፤ የጃፓኑ ከ2005 ጀምሮ ነበር) እንውሰድ። ዶምዮጂ የሀብታም ልጅ ነው። ቀይ ወረቀት የለጠፈበትን ተማሪ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ያሰቃየዋል። ወረቀቱ ለማኪኖም ይደርሳታል። እሷ በቡጢ ስትለው ደግሞ ይወዳታል! እኛም «ሲያዩት ነው እንጂ ውስጡ እኮ ለስላሳ ነው» እንላለን። ውስጡን ያሳየን ደራሲው ነው። ሰፈራችን ላለው ዶምዮጂ ደራሲ የለውም።

አንዲት ጓደኛችን በአራት ቀን አንዴ የሚመልስላትን ልጅ ሁለት ዓመት ጠበቀችው። «ዓይን አፋር ነው፣ ስሜቱን መግለጽ አይችልም» ትለን ነበር። ለእሱ እኛ ፊት ቆማ የምትከራከርለት እሷ፣ ዝምታውን የምትተረጉምለትም እሷ።

እንዲያ ሆና ሳለ ነው እ.ኤ.አ. በ2016 ቲቢኤስ ያሳየውን፣ ደመወዝ እየተከፈላት ለውል ሚስትነት የገባችውን የሚኩሪን ታሪክ አብረን ማየት የጀመርነው። እዚያም ቢሆን ወንዱ አፍ የለውም፤ ሂራማሳ ከተባለው መሐንዲስ ጋር ለመተቃቀፍም ቀን ይቆረጣል (ስቀን ሞተናል)። ወደ መጨረሻው ግን በእውነት እንጋባ ሲላት ደመወዙ እንደሚቀር አስልቶ፣ ቁጥር ደርድሮ ነው የመጣው። የምትወደውን ሰው ጥያቄ የሰማችው ሚኩሪ አላለቀሰችም፣ አልተሽኮረመመችም። ወደድኩህ ተብሎ ጉልበቴ በነጻ አይወሰድም፣ ይሄ ፍቅርን መበዝበዝ ነው አለችው። ክፍሉ ውስጥ ሁላችንም ዝም አልን።

ጓደኛችን ያቺን ቦታ ወደኋላ መልሳ ሁለቴ አየቻት። በማግስቱ ለልጁ «ትፈልገኛለህ ወይስ አትፈልገኝም?» ብላ ጻፈችለት። መልሱ በአራተኛው ቀን መጣ፦ «ሥራ በዝቶብኝ ነው»።