አምስቱን ጊጋ ማን በላው?

እስቲ ልጠይቃችሁ። ላፕቶፓችሁን ለጥገና ሰጥታችሁ ስትረከቡ መጀመሪያ የምታዩት ምንድን ነው? እኔ የማውቃቸው ሰዎች በሙሉ አንድ ነገር ያያሉ፤ ራሙ አለ ወይስ የለም? "ራሜን ቀየሩብኝ" የሚለው ስሞታ በዚህ አገር "ጫማዬን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ወሰዱብኝ" ከሚለው ባይበልጥ አያንስም።

ስሞታው ሁሉ ሐሰት ነው እያልኩ አይደለም። የሚቀይር አለ። ግን ማንም ሳይነካው የሚጠፋ ራምም አለ፤ የዛሬው ወሬዬ ስለሱ ነው።

(ከመቀጠሌ በፊት፦ "ሚሞሪ" የሚለውን ቃል እዚህ አልጠቀምም። ዳንግላ ገበያ ገብታችሁ "ሚሞሪ" ካላችሁ ስልክ ውስጥ የምትገባውን፣ ዘፈን የሚጫንባትን ቁራጭ ነው የሚያመጡላችሁ። "ስንት ጊጋ? ዘፈንም ይጫንበት?" ነው መልሱ። እኛ የምናወራው ስለ ራም ነው፤ ኮምፒዩተሩ ሲሠራ ብቻ ነገር የሚይዝበት፣ ሲጠፋ ሁሉን የሚረሳው።)

የአክስቴ ልጅ ዳንግላ ውስጥ አንዲት በር ተከራይቶ ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንትና ጥገና ይሠራል። ባለፈው ክረምት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ያገለገለ ላፕቶፕ ይዘው መጡ። ኮር አይ3 ነው፤ 2 ጊጋ ራም ነበረው። ልጁ አውጥቶ ሁለት ባለ 4 አስገባላቸው፤ 8 ሆነ። መምህሩ ከፍለው ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። ጎረቤታቸው ያለ አንድ ተማሪ ስክሪኑን ከፍቶ አሳይቷቸዋል፦ 8 ጊጋ ገብቷል፣ ጥቅም ላይ የሚውለው ግን 2.96 ነው።

"አንተ ልጅ፣ ፊደል ያስቆጠርኩህ እኔ ነኝ። አምስቱን ጊጋ የት አደረስከው?"

"ጋሼ፣ የገባው በሙሉ እዚያው ነው። ከፍቼ ላሳይዎት?"

"ከፍተህ ብታሳየኝ እኔ ምን አውቃለሁ!"

እውነታቸውን ነው፤ ምን ያውቃሉ? ግን ዳንግላ አዲስ አበባ አይደለችም። እዚህ ሱቅ ቢከሱህ ሌላ ሰፈር ሄደህ አትከፍትም። መምህሩ የከተማውን ግማሽ አስተምረዋል። አንድ ቀን ጠላ ቤት ቁጭ ብለው "ያ ልጅ ሌባ ነው" ቢሉ ያቺ በር ተዘጋች ማለት ነው። አክስቴ ስልክ ደውላ ስታለቅስ የሰማሁት ለዚህ ነው። እኔ የምኖረው እንጅባራ ነው፤ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው። በማግስቱ ሚኒባስ ያዝኩ።

ጋዜጠኝነት ስማር አንድ ምንጭ አይበቃም እየተባልኩ ነው ያደግኩት። እዚህ ደግሞ ሦስት ምስክሮች አሉ። አንደኛው ራሱ ራሙ ነው፤ ከኋላ ክዳኑ ሲፈታ ሁለቱም ላይ 4 ጊጋ የሚል ወረቀት ተለጥፏል። (ወረቀት ይዋሻል በሉኝ፤ ይዋሻል።) ሁለተኛው ባዮስ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ገና ሲነሳ፣ ዊንዶውስ ከመምጣቱ በፊት የሚከፈተው ሰማያዊ ገጽ። እሱ 8192 ሜጋባይት አለ። ሦስተኛው ዊንዶውስ ነው። እሱም ቢሆን 8 መኖሩን አልካደም፤ "የምጠቀመው 2.96 ነው" ነው ያለው። ሪሶርስ ሞኒተር የሚባለውን ስንከፍት "ሃርድዌር ሪዘርቭድ" በሚል ስም ከ5 ሺህ ሜጋባይት በላይ ተቀምጧል። ሌባ ዕቃ ይዞ ይሄዳል እንጂ እንዲህ መዝግቦ አያስቀምጥም።

ታዲያ ምንድን ነው? ላፕቶፑ ላይ የተጫነው ዊንዶውስ 7 ባለ 32 ቢቱ ነበር።

ፖስታ ቤትን አስቡ። እኛ አገር ደብዳቤ በአብዛኛው ቤት ድረስ አይመጣም፤ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ይፈልጋል። ቁጥር ከሌለህ ቤት ቢኖርህም ደብዳቤ አይደርስህም። ባለ 32 ቢቱ ዊንዶውስም ለእያንዳንዷ ባይት ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩ ግን 0 ወይም 1 የሚጻፍባቸው 32 ቦታዎች ብቻ ናቸው ያሉት። በዚህ የሚገኘው ቁጥር በጠቅላላው 4,294,967,296 ነው፤ ይህም ልክ 4 ጊጋባይት ይሆናል። ከዚያ በላይ ያለው ራም ቤቱ አለ፣ የሳጥን ቁጥር የለውም። ይባስ ብሎ የስክሪኑ፣ የኔትወርኩና የሌሎቹም ዕቃዎች የሚጠሩት በነዚሁ ቁጥሮች ስለሆነ የነሱ ድርሻ ቀድሞ ይወጣል። ለዚህ ነው 4 ጊጋ ያስገባ ሰው 3 ነጥብ ምናምን የሚያየው። የመምህሩ ላፕቶፕ ላይ ለዕቃዎቹ የወጣው ከአንድ ጊጋ ትንሽ በለጠና 2.96 ቀረ።

ነገሩ የቁጥር ሕግ ብቻ አይደለም፤ የማይክሮሶፍትም ውሳኔ አለበት። የኢንቴል ፕሮሰሰሮች እ.ኤ.አ. በ1995 ከወጣው ፔንቲየም ፕሮ ጀምሮ ባለ 36 ቢት ቁጥር የሚጠቀሙበት መንገድ ነበራቸው፤ እስከ 64 ጊጋ ያስኬዳል። አንዳንድ ባለ 32 ቢት የሰርቨር ዊንዶውሶች ተጠቅመውበታል። ለእኛ ለተራው ሕዝብ የተሸጠው (ፍላሽ መቀባበል ግዢ ከተባለ!) ግን 4 ላይ እንዲቆም ተደረገ። አንዱ ምክንያት ከ4 በላይ ቁጥር ሲያዩ የሚደናገሩ ድራይቨሮች ኮምፒዩተሩን ይጥሉት ስለነበር ነው።

ቪዲዮ ላይ የምታዩትን ምክር አትስሙ። ኤምኤስኮንፊግ ገብታችሁ "ማክሲመም ሚሞሪ" የምትለዋ ሳጥን ላይ ምልክት አድርጉ ይላሉ። ያቺ ሳጥን የተሠራችው ራም ለመገደብ ነው፤ ስትጨምር አይታ የማታውቅ ናት። ምልክት ካለባት አንሱላት፣ ከሌለባት እለፏት።

ባለ 32 ቢቱን መጀመሪያ የጫነው ሰው ሞኝ ነበር ልትሉ ትችላላችሁ። አልነበረም። ለ2 ጊጋ ራም ባለ 32 ቢቱ ቀለል ይላል፤ ማይክሮሶፍት ራሱ ለዊንዶውስ 7 ዝቅተኛ ብሎ ያስቀመጠው ለ32 ቢቱ 1 ጊጋ፣ ለ64ቱ 2 ጊጋ ነው። ችግሩ የሚታየው ራም የተጨመረ ቀን ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የከበደው። ከ32 ወደ 64 በላዩ ላይ አይጫንም፤ ፎርማት ማድረግ የግድ ነው። መምህሩ ደግሞ ራሙን የፈለጉት ለጨዋታ አይደለም። ለዓመታት የአገው ሽማግሌዎችን ተረትና ምሳሌ በአውኚ ሲቀዱ ኖረዋል። ድምፁ በሙሉ እዚያ ላፕቶፕ ላይ፣ ያውም ዴስክቶፑ ላይ ተደርድሯል። ከተቀዱት ሽማግሌዎች አንዳንዶቹ ዛሬ በሕይወት የሉም።

"ፎርማት ማለት መደምሰስ አይደለም እንዴ?" አሉ።

"ነው ጋሼ።"

ልጁ ያንን ቀን ሱቁን ለሌላ ሥራ አልከፈተም። ድምፁን ሁለት ቦታ ገለበጥነው፤ አንዱን በእሱ ሃርድ ዲስክ፣ አንዱን በእኔ። ከዚያ መምህሩ ራሳቸው ከግልባጩ ላይ አምስት ድምፅ መርጠው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። አንዱ ላይ ሳቁ፣ አንዱ ላይ ዝም አሉ። ድራይቨሮቹ ልጁ ጋር ነበሩ። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋ፣ ያገኘውን ድራይቨር ሁሉ ዲስክ ላይ ማከማቸት ለምዷል። ያልተገኘው የመምህሩ አሮጌ ፕሪንተር ድራይቨር ብቻ ነው፤ ለ64 ቢት የሚሆን የለውም። "እዚህ በነፃ ፕሪንት ያደርጋሉ" አላቸው። እኔ ብሆን በነፃ አልልም ነበር፤ ሱቁ ግን የእሱ ነው።

ሁሉም የጠፋ ራም መንገዱ ይሄ አይደለም። እንጅባራ ጎረቤቴ ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት 8 ያስገባው ዴስክቶፕ 4 ብቻ ሲያሳይ ባዮሱም 4 ነበር ያለው። ባዮሱ ካላየው ዊንዶውስን መቀየር ልፋት ነው። ነቅሎ፣ ወርቃማ ጥርሱን በላጲስ አሽቶ፣ "ጠቅ" እስኪል ገፍቶ መመለስ፤ ከዚያ አንድ አንዱን በየቀዳዳው እያስገቡ መሞከር። ሁለቱም ራሞች ደህና፣ አንዱ ቀዳዳ የሞተ ሆኖ ተገኘ። አንዳንድ አሮጌ ቦርድ ደግሞ ከተወሰነ በላይ አይቀበልም፤ ኢንቴል 945 ያለበት ላይ ብትጨነቁም ከ4 አታልፉም፣ አራቱንም ሙሉ አይሰጣችሁም።

የመምህሩ ላፕቶፕ ሲነሳ 8 ጊጋ፣ ጥቅም ላይ የሚውል 7.88 አለ። መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑን ጠጋ ብለው አዩት።

"ቀሪዋ 0.12 የት ገባች?"

"ስክሪኑ ለሥዕል የወሰዳት ናት ጋሼ።"

"ደረሰኝ ላይ ጻፋት" አሉ።

ጻፈላቸው።