ለአድዋ በዓል የሚሰፋ ልብስ

የካቲት ሲቃረብ «እጀ ጠባብና ሱሪ ስፊልኝ» የሚለኝ ዘመድ ይበዛል። መስፋቱስ አይከብድም፤ ጨርቁን ማግኘት ነው ሥራው።

እንደኔ እንደኔ ከአቡጀዲ መጀመር ነው። በ1888 ዓ.ም. አድዋ የዘመተው ሰው የሚያውቀው ጨርቅ ነው፤ ዛሬም መርካቶ በሜትር ይሸጣል። የሚያብረቀርቅ ካዩ ይጠርጥሩ። ባለሱቁን አስፈቅደው ከጠርዙ አንድ ክር ይምዘዙና ደጅ ወጥተው በክብሪት ይለኩሱት። ጥጥ ከሆነ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፤ አመዱም ጣት ሲነካው ብን ይላል። ፖሊስተር ግን ይቀልጥና ጠጣር ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ቤት ሲገቡ ሳይቆርጡ ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው ያሳድሩት፤ አለዚያ ልብሱ መጀመሪያ የታጠበ ቀን ያጥራል።

ለሸማ ሽሮ ሜዳ ይሂዱ። ድሩ የፋብሪካ ቢሆንም ግድ የለም፤ ማጉ ግን የእጅ ፈትል ይሁን። ወደ ብርሃን ከፍ ሲያደርጉት ክሩ እዚህ ወፈር፣ እዚያ ቀጠን እያለ ይታያል። ያ አለመስተካከል ነው ውበቱ! ጃኖ ከሆነም ቀዩ ጥለት አብሮ የተሸመነ እንጂ ከላይ የተሰፋ እንዳይሆን ይገልብጡና ይዩት።

የሚያስቸግረው በርኖስ ነው። ደህናው በርኖስ ከመንዝ በግ ጠጉር የሚሠራ ነው፤ ከተማ ውስጥ እንደልብ አይገኝም። ለልጅ ከሆነ ከሰልባጅ ተራ ጥቁር የሱፍ ካፖርት ገዝቶ መተርተር ያዋጣል፤ ትከሻው ላይ ለምትቆመው ሾጣጣም ሱፉ ወፍራም መሆን አለበት።

ዚፕ ግን በፍጹም አያስገቡ። ከአድዋ በኋላ የመጣ ነገር ነው፤ ከቁራጭ ጨርቅ የተቋጠረ ቁልፍ ይበቃል።