ከቢሮ የወጡ ኦርኪዶች

ካሊፎርኒያ፣ ሳኒቬል ውስጥ የቢሮ ጽዳት የሠራ ሰው ኦርኪድን በደንብ ያውቀዋል። እንግዳ መቀበያው ላይ፣ ትልቁ የስብሰባ ክፍል ውስጥ፣ ነጭ ወይም ወይን ጠጅ አበባውን ደርድሮ የቆመ ፖት አይጠፋም። ሁለት ሦስት ወር ያምራል። አበባው መርገፍ ሲጀምር አዲስ ይመጣል፤ የፊተኛው ከነፖቱ መጣያ ይገባል። ቅጠሉ ለምለም፣ ሥሩም ጤነኛ ሆኖ ሳለ ማለት ነው። ማታ ማታ ቆሻሻ ስናወጣ ደህና ደህናውን እየመረጥን ወደየቤታችን መውሰድ ጀመርን። አብራኝ የምትሠራው ሜክሲኳዊት ለእናቷ ትወስዳለች፤ እኔ ለመስኮቴ።

በብዛት የወሰድኩት ግን በኮሮና ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 2020 ሳንታ ክላራን ጨምሮ ስድስት የቤይ ኤሪያ ካውንቲዎች ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ አዘዙ። ቢሮዎቹ ባንድ ሌሊት ወና ሆኑ። ወንበር ላይ የተንጠለጠለ ሹራብ፣ ተጀምሮ የተተወ ቡና፣ የልጆች ፎቶ፣ ሁሉም እንዳለ ቀረ። እኛ ጽዳቶች ግን እንገባለን። ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ አለቃችን፣ «ነፍስ ያለው ተክል ሁሉ ይውጣ፤ የሚያጠጣው የለም፣ ትንኝ ያራባል» አለን። ከየጠረጴዛው ሰብስቤ የመኪናዬን የኋላ ወንበር ሞላሁት።

ቤት ወስጄ ከየፖቱ ሳወጣቸው ያየሁት ነገር እስከዛሬ ይገርመኛል። ኮሪደር ላይ ተረስቶ የከረመው፣ ማንም ዞር ብሎ ያላየው፣ ሥሩ ብርማ ሆኖ ጠንክሯል። አንዲት ሴትዮ ጠረጴዛ ላይ፣ ከጎኑ የራሱ ማጠጫ ተቀምጦለት የኖረው ደግሞ ሥሩ ጠቁሯል፤ በጣት ሲነኩት ልጣጩ ይንሸራተትና ቀጭን ክር ብቻ ይቀራል። ሴትዮዋን አምሽታ ስትሠራ ብዙ ጊዜ እንደ ሕፃን እያነጋገረች ስታጠጣው አይቻታለሁ። ማር ሲበዛ ይመራል ይባል የለ!

ገበያውን የሞላው ፋላኖፕሲስ የሚባለው ዓይነት በተፈጥሮው በእስያ ሞቃት ደኖች ውስጥ ዛፍ ላይ ተጣብቆ የሚኖር ነው። ሥሩ ወፍራም ሽፋን አለው፤ ዝናብ ሲዘንብ ይመጠዋል፣ ነፋስ ሲነፍስ ይደርቃል። ውሃ ሲጠግብ አረንጓዴ፣ ሲጠማው ብርማ ይሆናል፤ ስለዚህ መቼ ላጠጣው ብሎ ቀን መቁጠር አያስፈልግም፣ ሥሩን ማየት ይበቃል። ሁልጊዜ እንደረጠበ የሚቆይ ሥር አየር አጥቶ ይበሰብሳል። መቀሱን በእሳት እየለበለብኩ የበሰበሰውን ቆረጥኩ፤ እሳቱ በሽታ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዳይተላለፍ ነው። የተረፈውን በሻካራ የዛፍ ቅርፊት መልሼ ተከልኩና ምሥራቅ በሚያየው መስኮት ደረደርኩት። ለውሃ አልተቸገርኩም። በ2015 በድርቁ ጊዜ ገዥው ጄሪ ብራውን የከተሞች የውሃ ፍጆታ በ25 በመቶ እንዲቀንስ ሲያዙ፣ ሻወሩ እስኪሞቅ የሚፈሰውን በባልዲ ማጠራቀም ለምደን ነበር። ባልዲው አሁንም መታጠቢያ ቤቴ ውስጥ አለ።

የኮሮናው ዓመት በዚህ አላበቃም። በኦገስት አጋማሽ ዝናብ የሌለው መብረቅ ወርዶ የሳንታ ክሩዝ ተራሮች ተቀጣጠሉ፤ ጭሱ መጥቶ ላያችን ላይ ተኛ። ሴፕቴምበር 9 ቀን ደግሞ ጠዋት ሆኖ አልነጋም። ሰማዩ ብርቱካንማ ሆኖ ዋለ። መኪኖች በእኩለ ቀን መብራት አብርተው ይሄዳሉ፣ በረንዳው አመድ ለብሷል። ኦርኪዶቹን ቅጠል በቅጠል በእርጥብ ጨርቅ ሳብስ ጎረቤቴ እትዬ ነጠላቸውን ተከናንበው ወጡ። ሰማዩን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ስምንተኛው ሺህ ገብቶ አንቺ ቅጠል ታብሻለሽ?»

«አመድ ከሸፈነው እኮ ብርሃን አያገኝም፣ እትዬ።»

«ብርሃኑ የት አለና!» አሉና ከባልዲው ሌላ ጨርቅ አንሥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

ጭሱ ሲገፈፍ ኦክቶበር ገባ። ሳኒቬል በዚያ ወቅት ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ይበርዳል። መስኮቱን ገርበብ አድርጌ ማሳደር ጀመርኩ። ፋላኖፕሲስ አበባ እንዲያወጣ የሚቀሰቅሰው ይሄ ነው፦ ለጥቂት ሳምንታት ሌሊቱ ወደ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ዝቅ ማለቱ። ቢሮ ውስጥ ማሞቂያውና ማቀዝቀዣው ቀንና ሌሊቱን አንድ ስለሚያደርጉት ሁለተኛ ማበብ ያቅተዋል፤ ሰውም ሞቷል ብሎ ይጥለዋል። ኖቬምበር ላይ ከቅጠሎቹ ሥር አረንጓዴ ጫፍ ብቅ አለ። የሥር ጫፍ ድቡልቡል ነው፤ ይሄ ግን ጠፍጠፍ ብሎ ወደ ላይ ያቀና ነበር። በፌብሩዋሪ መስኮቱ በአበባ ተሸፈነ።

እማዬ ከአጋሮ ልትጠይቀኝ የመጣችው መንገዱ ሁሉ ከተከፈተ በኋላ ነው። መስኮቱ ጋ ቆማ ብዙ አየቻቸውና «በስንት ገዛሻቸው?» አለችኝ። ከቆሻሻ እንዳነሣኋቸው ነገርኳት።

«እሱንስ እኛም እንጥለዋለን። ቡናውን ስናጸዳ ከግንዱ ላይ እየላጥን።»

የእስያውና የእኛው ዝርያቸው ይለያያል፣ ዘመዳሞች ግን ናቸው። ሰብስቤ ደምሰው፣ ፊሊፕ ክሪብና ፊን ራስሙሰን በ2004 ያወጡትን የኢትዮጵያ ኦርኪዶች መጽሐፍ አምጥቼ ገጹን ገለጥኩላት። ኤራንጊስ ብራኪካርፓ የሚባለው ላይ ስንደርስ ጣቷን አሳረፈች፤ ነጭ አበባ ነው፣ ከኋላው ቀጭን ረጅም ጭራ አለው። በ19ኛው መቶ ዘመን አሺል ሪሻር የተባለ ፈረንሳዊ ለሳይንስ ያስተዋወቀው ከእኛው አገር በተወሰደ ናሙና ነው።

«ይሄ ማታ ማታ ይሸታል» አለች። «ሲመሽ ጅብ ፈርተን ወደ ቤት ስንሮጥ እንኳ ይሸተን ነበር።»

እውነቷን ነው። ማሩ ያለው በዚያ ረጅም ጭራ ጫፍ ስለሆነ፣ የሚደርስበት ምላሰ ረጅሙ የእሳት እራት ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚወጣው በሌሊት ነው። እማዬ በሚቀጥለው ስትመጣ ጠቅልላ እንደምታመጣልኝ ቃል ልትገባ ስትል ከለከልኳት። ኦርኪድ በጠቅላላ ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት የተጠበቀ ስለሆነ፣ ያለ ፈቃድ ወረቀት ከአገር አገር አይወሰድም። ሌላም ነገር ጠየቀችኝ፤ ዛፉን እየጠባ ያደርቀዋል የሚባለው እውነት እንደሆነ። አይጠባም። ግንዱን መቆሚያ ያደርገዋል እንጂ ምግቡን የሚያገኘው ከዝናቡና ቅርፊቱ ላይ ከሚጠራቀመው ብስባሽ ነው።

ስለዚህ ጅማና ቦንጋ ያላችሁ ቡና አምራቾች፣ የቡናውን ግንድ ማጽዳት ግድ ቢሆንባችሁ እንኳ የጥላ ዛፉ ላይ ያለውን ተዉት። ሳኒቬልና ሳን ሆዜ ያላችሁ ደግሞ አበባው ረገፈ ብላችሁ መጣያ ውስጥ አትክተቱት። ቤታችሁ ቦታ ከሌለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይዛችሁት ኑ፤ እኔ እወስደዋለሁ።