የመግቢያው ዋጋና ተመልካቹ

ባዶ ስታዲየም ውስጥ የሚደረግ የእግር ኳስ ጨዋታ አጃቢ እንደሌለው ሠርግ ነው፤ ሙሽሮቹ አሉ፣ ድግሱም ተሰናድቷል፣ እልል የሚል ግን የለም። የሀገራችንን የሊግ ውድድር በቴሌቪዥን ስንመለከት ብዙ ጊዜ ዐይናችን የሚያርፈው በተጫዋቾቹ ላይ ሳይሆን ከኋላቸው በተደረደረው ባዶ መቀመጫ ላይ ነው። በመሥሪያ ቤታችን በሻይ ሰዓት ይህ ነገር ሲነሣ አንዱ ቴሌቪዥኑን፣ ሌላው የጨዋታውን ጥራት፣ ሦስተኛው የዘመኑን ወጣት ይከሳል። በእኛ በኩል ግን በበሩ ላይ የሚከፈለው ዋጋ ሳይመረመር ሌላው ሁሉ መመርመሩ ትክክል አይመስለንም፤ ይህንንም እንድንል ያደረገን በልጅነታችን የደረሰብን ነገር ነው።

አንባቢያችን እንደሚያውቀው የአዲስ አበባ ስታዲየም መቀመጫዎች ከጥንት ጀምሮ የሚታወቁት በስማቸው ነው። ፀሐይና ዝናብ የሚፈራረቁበት ካታንጋ አለ፤ ሚስማር ተራ አለ፤ ከማን አንሼ አለ፤ ጣራ ያለው ጥላ ፎቅ አለ፤ እንግዶችና ሹማምንት የሚቀመጡበት ክቡር ትሪቡንም አለ። ከእነዚህ ስሞች ሁሉ እኛን ዘወትር የሚያስደንቀን ከማን አንሼ የተባለው ነው። ይህን ስም ያወጣ ሰው የዋጋን ነገር ጠንቅቆ ያወቀ መሆን አለበት፤ ሰው ቲኬት ሲቈርጥ ከመቀመጫው ጋር በሰው መካከል የሚሰጠውን ሥፍራም ይገዛልና።

በ1991 ዓ.ም. የ11 ዓመት ልጅ ነበርን። አባታችን በአንድ መሥሪያ ቤት ተላላኪ ነበሩ። አንድ እሑድ ቀን ጊዮርጊስና ቡና ይጋጠሙ ስለ ነበረ፣ ለሁለት ሰው ካታንጋ የሚያስገባ ገንዘብ ከደመወዛቸው ቈጥበው እጃችንን ይዘው ከቤት ወጡ። ታክሲ መሳፈር ከቲኬቱ ላይ መቀነስ ስለ ሆነ ከሽሮ ሜዳ እስከ ስታዲየም በእግራችን ወረድን። ስንደርስ የርካሹ ሥፍራ ቲኬት አልቆ የቀረው ከፍ ያለው ብቻ ሆኖ አገኘነው። በአባታችን እጅ የነበረው ገንዘብ ለአንድ ሰው እንጂ ለሁለት የሚበቃ አልነበረም። ጥቂት ቆመው ካሰቡ በኋላ አንዱን ቲኬት ገዙ፤ ሊገባ የተሰለፈ አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባቸውንም አግኝተው «ይህን ልጅ ከጐንህ አትለየው» ብለው አስረከቡን።

«አባባ፣ እርስዎስ?» ብንላቸው፣ «እኔ ከውጭ ሆኜ እሰማዋለሁ፤ አንተ ደኅና አድርገህ እይልኝ» አሉን።

ከጨዋታው ብዙ አላየንም። የፊተኞቹ ሰዎች በተነሡ ቁጥር የምናየው ጀርባቸውን ነበር፤ ሐሳባችንም ከበሩ ውጭ ቀርቶ ነበር። ሲያልቅ አባታችንን በስታዲየሙ ዙሪያ ካሉት ሱቆች በአንዱ ደጃፍ ቆመው አገኘናቸው። ጩኸቱን ሰምተው ማን እንዳሸነፈ ዐውቀዋል፤ የቀራቸው ግቡ እንዴት እንደ ገባ ማወቅ ብቻ ነበር። እኛም ያላየነውን ግብ እንዳየን አድርገን፣ ከማዕዘን የተመታች ኳስ በስተግራ ባለው ጐል በጭንቅላት ተገጭታ ገባች ብለን ተረክንላቸው። እስከ ሽሮ ሜዳ ዳገት ድረስ ሁለት ሦስት ጊዜ አስደገሙን።

ከዚያን ቀን በኋላ ለብዙ ጊዜ ወደ ስታዲየም አልሄድንም። ቆይተን በሒሳብ ሥራ ላይ ስንመደብ ነው ምክንያቱን የተረዳነው። የቲኬት ዋጋ የሚወሰነው በነፍስ ወከፍ ሲሆን፣ የሰው ኪስ ግን የሚቈጠረው በቤተ ሰብ ነው። በአንድ ቲኬት ላይ ጥቂት ብር ሲጨመር ብቻውን የሚሄደው ወንደላጤ ጥቂት ያጕረመርምና ይከፍላል፤ ሁለት ልጆች ይዞ የሚመጣው አባት ግን ጭማሪው በሦስት ይባዛበታል፤ መጓጓዣው፣ ውሃውና ቆሎው ሲታከልበት መጀመሪያ የሚቀነሰው ልጁ ነው። ልጁ ዛሬ ቢቀር በዕለቱ ገቢ ላይ ብዙም አይታወቅም፤ የሚታወቀው ከ15 ወይም ከ20 ዓመት በኋላ፣ ያ ልጅ የራሱ ደመወዝ ኖሮት እግሩ ወደ ስታዲየም ሳያመራ ሲቀር ነው።

ይህን ነገር በሌላ ሀገር እንዴት አድርገው እንደሚያስቡት ለማወቅ ባገኘነው ጋዜጣ ሁሉ ስንከታተል ኖረናል። እንግሊዞች በ2008 ዓ.ም. መባቻ ኳሱ እንደ እንቁላል የሞለለውን የራግቢን የዓለም ዋንጫ ባዘጋጁ ጊዜ፣ ለፍጻሜው ጨዋታ እስከ 715 ፓውንድ ሲያስከፍሉ በብዙዎቹ ጨዋታዎች ላይ ልጅ በ7 ፓውንድ እንዲገባ ፈቀዱ። ለ48ቱ ጨዋታዎች ወደ 2 ሚሊዮን ተኩል የሚጠጋ ቲኬት ተሸጠ። ባለጠጋው ለፍጻሜው የከፈለው ለልጁ መግቢያ ረዳ ማለት ነው። ደግሞም ባዶውን ያደረ መቀመጫ እንደ እህል ተከማችቶ ለነገ አይሸጥም፤ ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ሲነፋ ዋጋው ሁሉ አብሮ ይጠፋል።

በዚያው ዓመት በጥር ወር የሊቨርፑል ክለብ ባለቤቶች ለሚቀጥለው ዘመን ውዱን መቀመጫ 77 ፓውንድ እናደርገዋለን ቢሉ፣ ብዙ ሺሕ ደጋፊዎች ከሰንደርላንድ ጋር በነበረው ጨዋታ በ77ኛው ደቂቃ ተነሥተው ወጡ። ሊቨርፑል ያን ጊዜ 2 ለ 0 እየመራ ነበር፤ ጨዋታው ግን 2 ለ 2 አለቀ። ባለቤቶቹም በጥቂት ቀን ውስጥ ይቅርታ ጠይቀው ሐሳባቸውን ሠረዙ። የእኛ ተመልካች እንዲህ ዐይነት ሰልፍ አያውቅም፤ ዝም ብሎ ይቀራል እንጂ። ዝም ብሎ የሚቀር ሰው ደግሞ ለምን እንደ ቀረ የሚጠይቀው አያገኝም።

ይሁን እንጂ ውድ ዋጋ ሁልጊዜ ሰውን ያስቀራል ብንል ሐሰት ይሆንብናል። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ከሱዳን ጋር በተጫወተ ጊዜ ስለ ዋጋ የሚያነሣ ሰው አልነበረም። እኛም 12ኛ ክፍልን ጨርሰን ሥራ ከያዝን ወዲህ አባታችንን በክብር ለማስገባት ስንመኝ ስለ ኖርን፣ ተሰልፈን ሁለት የጥላ ፎቅ ቲኬት ገዛን። አባታችን ቲኬቱን አገላብጠው አዩና «ጥላ ፎቅ ማን አለኝ? ከማን ጋር ልጮህ?» አሉ። ወዲያውም በካታንጋው ሰልፍ ላይ ቆሞ ለነበረ ለአንድ ወጣት ቲኬታቸውን ሰጥተው የእርሱን ተቀበሉ፤ የዋጋውን ልዩነትም አልጠየቁትም። እኛ አብረናቸው መሄድ ይገባን ነበር። ነገር ግን በደመወዛችን የገዛነውን ጥላ ፎቅ መተው አልሆነልንም። አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ ግቦቹን ሲያስቈጥሩና ሀገራችን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስታልፍ፣ አባትና ልጅ በአንድ ስታዲየም ውስጥ በሁለት ወገን ሆነን ጮኽን።

ከዚህ ላይ ሊነገር የሚገባው ነገር፣ አብዛኞቹ ክለቦቻችን የሚተዳደሩት ከከተማ አስተዳደርና ከድርጅቶች በሚመደብ በጀት መሆኑ ነው። መቀመጫው ቢሞላም ባይሞላም የአሠልጣኙ ደመወዝ በወሩ ይከፈላል፤ ስለዚህ የባዶው መቀመጫ ጕዳት የሚሰማው ወገን የለም። በጀት የሚያዘጋጁ አንባቢዎቻችን ቢያንስ ከወላጁ ጋር የመጣ ልጅ በነፃ እንዲገባ ቢያስቡበት የሚጐድለው ሣንቲም ያን ያህል አይመስለንም።

ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፍ ባለሜዳ ተብሎ የተጫወተው በማላዊ፣ በሊሎንግዌ ከተማ ነበር፤ የሀገራችን ስታዲየሞች የተጠየቀውን ደረጃ አላሟሉምና። የዚያን ዕለት አባታችንና የ7 ዓመት ልጃችን ከቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው ነበር። ኳሱ ገና በመሐል ሜዳ ሳለ አባታችን «ገባ!» አሉ። የጐረቤት ቴሌቪዥን ከእኛ ቀድሞ ያሳይ ኖሮ ጩኸቱን ሰምተዋል። ልጁ «አያቴ፣ ሳያዩ እንዴት ዐወቁ?» ቢላቸው ወደ እኛ እያመለከቱ «አባትህን ጠይቀው» አሉት። እኛም የ1991ን ነገር ከመጀመሪያው ጀምረን ነገርነው፤ በጭንቅላት ስለ ገባችው ኳስ ስንደርስም ያንን ግብ በዐይናችን እንዳላየነው ተናዘዝን።

አባታችን ዐይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሡ «ዐውቃለሁ» አሉ። «ጩኸቱ የተነሣው በቀኝ በኩል ነበር።»